እማወራዎች ተደራጅተው የመሬት ይዞታቸውን የሚያስከብሩበት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በገጠር፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ባላቸው ለሞተባቸው፣ ለተፋቱ፣ ላላገቡ፣ እንዲሁም ባላቸው ርቆ ሄዶ ለቀረባቸው ሴቶችና እነሱን ለመርዳት ለሚፈልጉ ሁሉ ነው። ሕጉ እነዚህን ሴቶች ካወቃቸው ቆይቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚስተናገዱ በግልጽ ጽፏል።

ይህ ሁሉ ተጽፎም የብዙ እማወራዎች መሬት ከእጃቸው ይወጣል፤ የሚወጣበትም መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በሬ የሌላት ሴት ማሳዋን ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር ለመካፈል፣ ትሰጣለች፤ ውሉ በቃል ይቀራል፤ አራሹ በራሱ ስም ግብር መክፈል ይጀምራል፤ አዋሳኞች ማሳውን በእሱ ስም መጥራት ይለምዳሉ፤ ከዓመታት በኋላ ይዞታው ሲካድ ሴቲቱ የምታቀርበው ወረቀትም ሆነ ሰው ታጣለች። ስለዚህ እማወራዎቹ የሚያቋቁሙት ማኅበር ሥራ በዋናነት ሦስት ነገሮችን በጋራ ማሟላት ነው፦ በሬ፣ ሰነድና ምስክር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት ይህንን መሠረት አድርገው ነው።

ደረጃ 1፦ መሰባሰብ

ስብስቡ አስቀድሞ ከተገነባ መተማመን ቢነሳ ይሻላል። በአንድ ሰንበቴ፣ በአንድ ዕድር ወይም በአንድ የቡና ማኅበር የሚገናኙና በእግር ሊደራረሱ የሚችሉ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሴቶች ለመጀመር በቂ ናቸው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ብቻ ቢሰበሰቡ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ምክንያቱም ኅብረተሰቡ ለእነሱ ይራራል። ፈት ሴትን ግን በክፉ ዓይን ያያታል፣ ያላገባችውን ደግሞ «ነገ ታገባ የለም ወይ» እያለ ከቁጥር ያስወጣታል። ማኅበሩ ይህንን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ሊያፈርሰው ይገባል። ያረጁ ወላጆቿን እየጦረች በአባቷ ማሳ ላይ የምትኖር ልጅም፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ጎጆ የቀለሰችም ሴት እማወራ ናት፤ የሚያሰጋቸውም ነገር ተመሳሳይ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ መዝገብ ይከፈት። በመዝገቡ የእያንዳንዷ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የምትኖርበት ጎጥ፣ መሬቷ የሚገኝበት ቀበሌ (በፍቺ ወደ ወላጆቿ የተመለሰች ሴት ይዞታዋ በሌላ ቀበሌ ሊሆን ስለሚችል)፣ የማሳዎቿ ብዛት፣ ማሳዎቿን አሁን የሚያርሰው ማን እንደሆነና በምን ስምምነት እንደሚያርስ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የሚችል አባል ከጠፋ ትምህርት ቤት የምትማር የአባል ልጅ ጸሐፊ ብትሆን ችግር የለውም፤ ይሁን እንጂ የተጻፈው ነገር በእያንዳንዱ ስብሰባ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። አባላት ያልሰሙት ቃለ ጉባኤ ኋላ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ወርሃዊ መዋጮው የድሃዋን አባል አቅም ያገናዘበ ይሁን። ገንዘቡ በሣጥን ተቆልፎ ቁልፉና ሣጥኑ በተለያዩ ሴቶች እጅ እንዲቀመጥ፣ የቀበሌ ሹም የቅርብ ዘመድ የሆነች አባል ገንዘብ ያዥ እንዳትሆን፣ ስብስቡም ከማንኛውም ፓርቲ ሥራ እንዲርቅ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይስፈር። ለመጀመሪያው ዓመት ሕጋዊ ሰውነት ለማግኘት መቸኮል አያስፈልግም። ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መኖራችሁን በደብዳቤ አሳውቃችሁ የደረሰኝ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ መያዝ ይበቃል። በሬ ገዝቶ በጋራ ለመያዝ ወይም በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ሲታሰብ ግን የወረዳውን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት መመዝገብ ይቻላል።

እንዲህ ያለው መደራጀት በእኛ አገር ብቻ የታሰበ አይደለም። በህንድ ራጃስታን ግዛት ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ የተፋቱና ያላገቡ ሴቶች በአንድ ላይ ተደራጅተው፣ የባል ዘመዶች የአንዷን መሬት ሲነጥቁ አባላቱ በጋራ ወደ ቦታው እየሄዱ ሲያስመልሱ ቆይተዋል። ጉልበታቸው በቁጥራቸው ላይ ነበር፤ እዚህም ያው ነው።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን አውጥቶ ማንበብ

እያንዳንዷ አባል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯን፣ ካርታ ያገኘችም ካርታዋን ይዛ የምትመጣበት ቀን ይቆረጥ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር መደረጉ ለሴቶች ትልቅ እርምጃ ነበር። ያም ሆኖ ደብተሩ በሣጥን ተቆልፎ፣ ብዙ ጊዜም በባል ወይም በወንድም ቤት ተቀምጦ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቲቱ ሳታውቅ ትኖራለች።

ደብተሩ ሲነበብ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል። ስሟ በትክክል ተጽፏል ወይ? በመታወቂያዋ ላይ «ወለተ ማርያም» ተብሎ በደብተሩ ላይ በቤት ስሟ የተመዘገበች ሴት ሁለት ሰው ተደርጋ እንድትታይ ልትሆን ትችላለች፤ ይህንን ክርክር ሳይነሳ ማስተካከል ቀላል ነው። የማሳዎቹ ቁጥር ሙሉ ነው? የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኞች በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በትክክል ተጠቅሰዋል? አዋሳኙ ከሞተ ወይም ከተለወጠስ አዲሱ ባለይዞታ ማን ነው? የፈታችው ባል ስም አሁንም በደብተሩ ላይ አለ? የሟች ባሏ ስምስ?

ስምን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ማስረጃ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ባሏ የሞተባት የሞት ምስክር ወረቀትና ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የሚስቱትን ነገር ማብራራት ይገባል፤ በጋራ ደብተር ላይ ስሟ የሰፈረ ሚስት የራሷን ድርሻ ከማንም አትወርስም፣ ቀድሞም የራሷ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የሟቹ ድርሻ ብቻ ነው። የባል ወንድሞች «የወንድማችን መሬት» እያሉ ሙሉውን ሲጠይቁ መልሱ ይህ ነው። የተፋታች ሴት የፍቺ ውሳኔውን ግልባጭ፣ የንብረት ክፍፍሉን ጭምር፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማውጣት አለባት። የሞት፣ የፍቺና የልደት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ደረጃ ስለሚከናወን ይህንን ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አይጠበቅም።

የሁሉም ሰነድ ቅጂ ይነሳ። አንዱ ቅጂ በቤት፣ አንዱ በማኅበሩ ሣጥን፣ አንዱ ደግሞ በከተማ ባለ የታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። የስልክ ፎቶግራፍም ቢሆን ይጠቅማል። በቅርብ ዓመታት በክልሉ ባለው ግጭት የመንግሥት መዝገብ የጠፋበት ወይም ጽሕፈት ቤት የተዘጋበት አካባቢ ላለች ሴት በእጇ ያለው ወረቀት ብቸኛ መከታዋ ሊሆን ስለሚችል ይህ ሥራ ለነገ ሊባል አይገባም።

ደረጃ 3፦ የበሬን ጉዳይ መፍታት

ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ በብዙ ቦታ ዛሬም ጽኑ ነው። ልማዱን የሚጥሱ ሴቶች አሉ፤ ሊከበሩም ይገባል። ነገር ግን የእማወራዋ መብት እርፍ በመጨበጧ ላይ የተንጠለጠለ እንዲሆን መፍቀድ አያስፈልግም። ብዙ አባወራም በሌላ ሰው ጉልበት ያሳርሳል፤ መሬቱ የእሱ አይደለም ያለው ሰው ግን የለም።

አንድ በሬ ያላት ሴት አንድ በሬ ካላት ሌላ አባል ጋር በመቀናጆ ጥማድ ልትሞላ ትችላለች። ከዚያ በኋላ የሚቸግረው አራሽ ነው፤ እሱንም የአባል ወንድ ልጅ ወይም በቀን ሒሳብ የሚቀጠር ወጣት ይሸፍነዋል። ወንፈሉም በዚህ ይደራጃል፤ ሴቶቹ በአረም፣ በአጨዳና በጉልጓሎ የሚሰጡት ጉልበት በአራሽ ቀን እንዲመነዘር ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ስምምነት ይደረግ። በአካባቢው ልማድ የአንድ ቀን አራሽ ከጥማዱ ጋር ስንት የአረም ቀን እንደሚመልስ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በዚያ ላይ ተስማምቶ በመዝገብ ማስፈር ነው። የማኅበሩ መዋጮ መጀመሪያ ሊውል የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፦ በሬ ለመከራየት፣ ቀጥሎ በጋራ ለመግዛት። የብድርና የንግድ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ ሆኖም ማሳዋን በራሷ ያሳረሰች ሴት በመኸር የምታገኘው ሙሉ ምርት ከየትኛውም ብድር የተሻለ ካፒታል ነው።

የእርሻው ተራ ፍትሐዊ መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚታረስላት ሁልጊዜ ሊቀመንበሯ ከሆነች ማኅበሩ በሁለተኛው ክረምት ይፈርሳል። ተራው በዕጣ ይውጣ፤ በየዓመቱም ይቀያየር። የማሳው አፈርም ይታሰብበት፤ መረሬ (ጥቁር አፈር) ማሳ ዘግይቶ ሊዘራ ሲችል ቀይ አፈር አይታገሥም።

ደረጃ 4፦ ለእኩል የሚሰጥ መሬት ካለ ውሉን መጻፍ

ሁሉም አባል ወዲያውኑ ራሷን ልታሳርስ አትችልም። መሬቷ በሌላ ቀበሌ የሚገኝ፣ የታመመች ወይም ሕፃን የታቀፈች ሴት ለእኩል ወይም ለሲሶ መስጠቷ የግድ ይሆናል። አደጋው ስምምነቱ በቃል መቅረቱ ላይ ስለሆነ የሚከተሉት ነጥቦች በጽሑፍ ይስፈሩ፦ የማሳው ስምና አዋሳኞች፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ምርቱ በምን ያህል እንደሚካፈል፣ ዘርና ማዳበሪያ የማን እንደሆነና ከመካፈሉ በፊት ወይም በኋላ እንደሚነሳ፣ ገለባው የማን እንደሆነ፣ የመሬት ግብሩን ባለይዞታዋ ራሷ እንደምትከፍል፣ አራሹ ያለ እሷ የጽሑፍ ፈቃድ ዛፍ እንደማይተክል፣ ቤት እንደማይሠራ፣ ለሌላ ሰውም አሳልፎ እንደማይሰጥ።

ስለ ዛፉ የተጻፈው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በእኩል በተሰጠ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ያንን ማሳ በቀላሉ አይለቅም። የውሉ ዘመን አጭር ይሁን፤ አንድ የሰብል ዘመን ወይም ሁለት፣ ከዚያ በኋላ እንደገና የሚፈረም። ውሉ በቢያንስ ሦስት ምስክሮች ፊት ይፈረም፤ ከምስክሮቹ አንዷ የማኅበሩ አባል፣ አንዱ ደግሞ የማሳው አዋሳኝ ይሁኑ። ከዚያም ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ቀርቦ ይመዝገብ። አራሹ ለመፈረም እምቢ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው፤ ሌላ ሰው መፈለግ ይሻላል።

በውቂያ ጊዜ ባለይዞታዋ ብቻዋን ወደ አውድማ አትሂድ። ሁለት አባላት አብረዋት ይገኙ፤ ስፍሩም በፊታቸው ይቆጠር። ይህ ለእህሉ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በየዓመቱ በአውድማው ላይ ተገኝተው ድርሻዋን ስትረከብ ያዩ ሰዎች፣ ማሳው የማን እንደሆነ በፍርድ ቤት በእርግጠኝነት ሊመሰክሩ ይችላሉ።

የመሬት ግብርን በሚመለከት ምክሩ አጭር ነው፦ ባለይዞታዋ በራሷ ስም ትክፈል፣ ካርኒውን አትጣል። ማኅበሩ የክፍያውን ወቅት ጠብቆ አባላቱን አንድ ላይ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ በፍቺ ላይ ያለችን አባል መደገፍ

አብዛኛው ፍቺ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በሽማግሌ ይያዛል፤ ሽማግሌዎቹም ብዙ ጊዜ የባልየው የሰፈር ሰዎች ናቸው። ከብቱንና እህሉን አካፍለው መሬቱን «በኋላ ይታያል» ብለው ሲያልፉት ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሴቲቱ ከራሷ ወገን ሽማግሌ የመምረጥ መብት አላት፤ ማኅበሩም ከአባላቱ መካከል በዕድሜና በንግግር የተከበረች ሴት እንድትቀመጥ ሊጠይቅ ይገባል። ክፍፍሉ እያንዳንዱን ማሳ በስም እየጠራ እንዲጻፍ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥም እንዲገባ ያስፈልጋል። «ንብረታቸውን እኩል ይካፈሉ» የሚል ጥቅል ውሳኔ በማሳው ላይ ሲደርስ አዲስ ክርክር ይወልዳል። ማሳው ከሕጉ አነስተኛ መጠን በታች የሚወርድ ሆኖ መክፈል ካልተቻለ፣ አንዱ አንዱን ማሳ ሌላው ሌላውን ሙሉ በሙሉ እንዲወስድ መደራደር ይቻላል። ሴቲቱ ለጉልበቷ የሚቀርበውንና ውኃ ያለውን ማሳ አስቀድማ ለይታ ትቅረብ።

ደረጃ 6፦ ወሰን ሲገፋ ወይም ማሳ ሲነጠቅ

ፍጥነት ወሳኝ ነው። ድርጊቱ በታወቀ ሳምንት ውስጥ ሦስት አባላት ከባለይዞታዋ ጋር ወደ ማሳው ይሂዱ፣ የተገፋውን ወሰን በእርምጃም ቢሆን ይለኩ፣ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ ያዩትን በማኅበሩ መዝገብ ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ከዚያ አቤቱታው በጽሑፍ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ይቅረብ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳይቀበሉ ከጽሕፈት ቤቱ አይውጡ።

ጉዳዩ በቀበሌው ወይም በሽማግሌዎች ካልተፈታ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይኬዳል። በዚህ ጊዜ የሚታወሱ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በእጇ የነበረ ይዞታ በኃይል የተወሰደባት ወይም ሁከት የተፈጠረባት ሴት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ ልታቀርብ ትችላለች፤ ይህ ክስ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «እስኪ ሰው ይምከረው» እየተባለ የሚያልፈው ክረምት የሚጎዳው እሷን ነው። ሁለተኛ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ማሳው እንዳይታረስ ወይም ሰብሉ እንዳይነሳ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ የዳኝነት መክፈል የማትችል ሴት በድሃ ደንብ እንድትከስ እንዲፈቀድላት ማመልከት ትችላለች። አራተኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መሠረት ማኅበራት የአባሎቻቸውን የጋራ ወይም የግል ጥቅም ወክለው ፍትሕ የመጠየቅ መብት አላቸው።

ለክስ ጽሑፍና ለጠበቃ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። ወደ እነዚህ ስትሄዱ የክልሉን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009ን እና በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324ን አያይዛችሁ፣ ለጉዳያችሁ አሁን የሚሠራው ድንጋጌ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፤ የቆየውን አዋጅ ይዞ የሚመክር ሰው ብዙ ነው።

በችሎት ቀን ባለጉዳይዋ ብቻዋን እንዳትቆም ሁልጊዜ ቢያንስ አምስት አባላት አብረዋት ይቀመጡ። ለዳኛ ተጽዕኖ ሲባል አይደለም፤ በቀጠሮ ብዛት ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ በመንገድም ማስፈራራት እንዳይደርስባት ነው። ዛቻ ከደረሰ በዚያኑ ቀን ለፖሊስ ይመዝገብ፤ ጉዳዩ እስኪረግብም አንዲት አባል አብራት ትደር።

ደረጃ 7፦ ወደ ቀበሌው የመሬት ኮሚቴ መግባት

ወራሽ የሌለው መሬት ሲገኝ፣ የወል መሬት ሲካለል፣ ስም ሲዛወር ቃሉ የሚሰማው የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ነው። የኮሚቴ ምርጫ መቼ እንደሚካሄድ ቀድሞ ማወቅ፣ ከአባላት መካከል ደፋርና ነገር የምታስታውስ ሴት መምረጥ፣ በምርጫውም ቀን ሁሉም አባላት መገኘት ያስፈልጋል። የተመረጠችው ሴት ከእያንዳንዱ የኮሚቴ ስብሰባ በኋላ ለማኅበሩ ሪፖርት ታቅርብ። ቁጥር ለማሟላት ብቻ ተመርጣ፣ ስብሰባው ባለቀ በማግሥቱ ቃለ ጉባኤ እንድትፈርም የምትጠራ ከሆነ ማኅበሩ ይህንን በጽሑፍ መቃወም አለበት።

ደረጃ 8፦ ርቀው የሚሄዱና የሚያረጁ አባላትን ይዞታ መጠበቅ

ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ያላገቡና የተፋቱ ሴቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ፤ መሬታቸውንም ለወንድም ወይም ለአጎት ይተዋሉ። ማሳን ማንም ሳያውቀው ለዓመታት ጥሎ መጥፋት ይዞታን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ከመሄድ በፊት ውክልና መስጠት ወይም የኪራይ ውል አስመዝግቦ መሄድ ይገባል። ሳትሰጥ የሄደች በምትኖርበት አገር ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ልትልክ ትችላለች። ውክልናው ግብር እንዲከፈል፣ ማሳው እንዲታረስና በፍርድ ቤት እንዲከራከሩላት ብቻ የሚፈቅድ ይሁን፤ በስጦታ ማስተላለፍን፣ ለዋስትና ማስያዝንና ስም ማዛወርን በግልጽ ይከልክል። ተወካዩ ወንድም ቢሆንም አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይሰጥ፤ ማኅበሩም በዓመት አንድ ጊዜ ማሳው በማን እጅ እንዳለ አይቶ በስልክ ይንገራት።

ያረጀች አባል ለጧሪዋ መናዘዝ ብትፈልግ፣ መጻፍ የማትችል ከሆነ፣ ኑዛዜው በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎና ተነቦ እሷና ምስክሮቹ ወዲያው ሊፈርሙበት ይገባል፤ ይህ መፈጸሙም በኑዛዜው ላይ ይጠቀስ። የገጠር መሬትን በኑዛዜ ማን ሊቀበል እንደሚችል የሚወስነው የክልሉ የመሬት ሕግ ስለሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅና የተባለውን በማኅበሩ መዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል።